ፍል ውሃ የገባችው መኪና

ወንድሜ መኪናዬን ፍል ውሃ ነከራት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ሳቁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ የእኔ ሳቅ ግን እስካሁን አልመጣም።

መኪና ስል የምንሳፈርባት እንዳትመስላችሁ። በሪሞት የምትነዳ፣ ከክንድ ትንሽ የምትረዝም፣ ትልልቅ ጎማ ያላት የጭነት መኪና ናት። ከኩዌት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከዐረብ አገር ስመለስ ቤተሰቤ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። እመቤቲቱ ግን ስትሸኘኝ ልጇ የጠገባትን መኪና በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ፤ ስጦታ ብላ። ልጁ ያደገው እሱ ሲሰብር እኔ ስጠግን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቪዲዮ ይከፍትልኛል፤ የሚያወሩት ባይገባኝም እጃቸውን እያየሁ እሠራለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ተሰድቤበት የማላውቅ ሥራ ቢኖር የዚያች መኪና ጥገና ነው። በወጡ ተሰድቤያለሁ፣ በልብሱ ተሰድቤያለሁ፣ በአተነፋፈሴ ሳይቀር ተሰድቤያለሁ።

ደብረ ታቦር እቤታችን ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት ወንድሜ ከላዬ ቆሞ ነበር። ልብሱን በእግሩ ገለጥ ገለጥ አደረገና መኪናዋን አየ።

"ይኸው ነው?" አለ።

ጥላችን የጀመረው ያን ቀን ነው። ወንድሜ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባወራው እሱ ነው፤ ከከተማው ዳር ያለችውን መሬት ያርሳል፣ በገበያ ቀን በሬ ይሸጣል፣ ይለውጣል። ጋሼ ነው የምለው፣ አንቱ ብዬ። ስንጣላም አንቱ እያልኩ ነው የምጣላው፤ እንዲያ ነው ያደግሁት፣ ምላሴ ሌላ አያውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ለመኪናዋ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ደብረ ታቦር ሠርግ አያልቅባትም፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በየዓመቱ ያስመርቃል። ሠርግ የሚቀርጽ አንድ የቪዲዮ ሰው መኪናዋ ስትሄድ በስልኬ ባሳየሁት ጊዜ ዓይኑ በራ። "ቀለበቱን ተሸክማ ወደ ሙሽሮቹ ብትሄድ! ኬኩን ብትሸከም!" አለ። ቀለበቱን ትችላለች። ኬኩን ግን አትችልም፤ ውስጧ ያሉት ማርሾች ፕላስቲክ ስለሆኑ ሸክም ሲበዛባቸው ጥርሳቸው ይረግፋል። ኩዌት አብራኝ የነበረች፣ አሁን መርካቶ የምትሠራ ጓደኛዬ የብረት ማርሾችና ጉልበተኛ ሞተር ፈልጋ በአውቶቡስ ላከችልኝ። እሽጉን እቅፍ አድርጌ ከመናኸሪያ ቤቴ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ ላይ ብወጣ የሚሰርቁኝ መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ሳወጣት ጎማዎቿ አልዞር አሉ። ሆዷን ገለበጥኩት። ብሎኖቹ፣ ዳዶዎቹ፣ የጎማው መያዣ፣ ሁሉም በነጭ ቅርፊት ተሸፍነዋል፤ ብዙ ዘመን ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደሚሆነው ማለት ነው። እናቴን ጠየቅኋት።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፣" አለች፣ ጉልበቷን እያሸች። "ወንዛዬ ሄደን ሳለ እሷም ገብታ ነበር።"

"የት ገብታ?"

"ውሃው ነዋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት እኔ ባሕር ዳር ጉዳይ ነበረኝ። ወንድሜ እናቴን ጉልበቷን ስለሚቆረጥማት ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዟት ሲሄድ፣ እሷ እስክትታጠብ መጫወቻ ትሆነኛለች ብሎ መኪናዬንም ይዞ ሄደ። ያን ሰሞን መኪናዋ ስትዞር ትጮህ ነበር፤ ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ ግራሶ አጥቶ ደርቆ ነው። ወንድሜ ጩኸቱን ሲሰማ "ይችም ቁርጥማት ይዟታል" አለ፤ ታጣቢውም ሳቀለት። ሰው ከሳቀለት ወንድሜ አያቆምም። እናቴ ውሃው ውስጥ በገባች ቁጥር መኪናዋም ገባች፤ እንደ በሽተኛ ጠዋት ተነከረች፣ ማታ ተነከረች። ሲመለሱም ሳያደርቃት አልጋዬ ሥር ወርውሯት ሄደ። ሰው የሚያድን ውሃ ብረት አይጎዳም ብሎ ነው። ይህን የሚያስብ ሰው ከሐሙሲት ከተማ ወዲህም ወዲያም ሌላ ያለ አይመስለኝም።

"ጋሼ፣ መኪናዬን ምን አደረጉብኝ?" አልኩት ማታ ሲገባ።

"አሳከምኳት፣" አለ። ገበታ ላይ ነበርን፤ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። "እናትሽ ስትድን አንች የምታለቅሽው ለጎማ ነው?"

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔን ባይንቀኝ አልጋዬ ሥር እጁን ባልሰደደ ነበር።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ደላላ ይዞ መጣ። ኩዌት የሆነ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ልምድ ስላለኝ ፈጥኖ ይሆናል፣ የፓስፖርቴም ጊዜ ገና አላለፈም። ዐረብ አገር ለወንድሜ የማትነጥፍ ላም ናት። እርግጫው የሚያርፈው እኔ ላይ ስለሆነ ለእሱ የሚታየው ወተቱ ብቻ ነው። በዚያ ቤት እተኛበት የነበረው ክፍል የሚቆለፈው ከውጭ ነበር። ሌሊት ውሃ ቢጠማኝ እስኪነጋ እጠብቃለሁ። ይህን ለወንድሜ ነግሬው አውቃለሁ፤ "ታዲያ ሌባ አይገባብሽም" አለኝ።

"አልሄድም፣" አልኩ እናቴ ፊት።

"ታዲያ ምን ልትበይ ነው?"

"መኪናዋ ታበላኛለች።"

ደላላው ሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ የዕቃውን እሽግ፣ አዲሱን ሞተር፣ እኔን ተራ በተራ አየና የበሬ ነጋዴነቱ መጣበት። "እሽ፣" አለ። "ለቡሄ አንድ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ከታች መንገድ እስከ በራችን ያለውን ኮብልስቶን ትውጣ። ከወጣች እዚሁ ቅሪ፣ አፌን አልከፍትም። ካልወጣች በማግስቱ ከሳቸው ጋር ትሄጃለሽ።" ደላላውን በአገጩ አሳየኝ። "ሪሞቱ ደግሞ መያዣ ይሆናል፤ እኔ ጋ ይቀመጣል። አንች ተንኮለኛ ነሽ፤ ሳላይ አንድ ቀን ወጥታ ነበር ብለሽ እንዳታደርቂኝ።"

በሬ ሲሸጥም እንዲህ ነው፤ መያዣ ሳይዝ ቃል አይሰጥም። ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ እሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉን በአንገቱ ማተብ ላይ አሰረው።

ክረምቱ ገባ። እኔ በረንዳ ላይ ጆንያ አንጥፌ ከተጣበቀ ብረት ጋር ተፋጠጥኩ።

መጀመሪያ ጎማዎቹ ነበሩ። እያንዳንዱን ጎማ የያዘው ዳዶ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆኗል። ወንድሜ ጠዋት ወደ እርሻው ሲወጣ አጠገቤ ይቆምና "ናፍታ አፍሽበት" ይላል፤ ማታ ሲገባ "ናፍታ አላፈሰሽበትም?" ይላል። ናፍታ ዝገት ያላላ ይሆናል፤ ይህ ግን ዝገት አይደለም፣ የውሃ ድንጋይ ነው። ኩዌት የሻይ ማንቆርቆሪያ እንዲህ ሲሆን በአቼቶ ነበር የማጸዳው። ምግብ ቤት የምትሠራ ጎረቤታችን አቼቶ በጠርሙስ ሰጠችኝ፤ በጨርቅ እየነከርኩ ዳዶዎቹ ላይ ጠመጠምኩ። ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ ለቀቀ። ሲለቅ የሚሰማው ትንሽ የመንጨርጨር ድምፅ ደስ አለኝ። የወንድሜን ሥራ የሚበላ ነገር ሁሉ ያን ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር።

ጎማዎቹ ወጡ። ቀጥሎ የማርሹ ክዳን ነበር፤ የያዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ከምስር የማይበልጥ ነው። እነሱን በአቼቶ ነክሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ወንድሜ ጆንያዬ ላይ ተቀምጦ፣ የእኔን ካቻቢቴ ይዞ፣ አንዱን ብሎን በሙሉ ክንዱ ይጠመዝዛል። ካቻቢቴው ይዞራል፣ ብሎኑ አይዞርም። ጭንቅላቱ ተላጭቶ እንደ ሳንቲም ለስልሷል።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ላግዝሽ ብዬ። በረንዳው ላይ ሙሉ ክረምት ልትቀመጭ ነው?"

"ማን ያግዙኝ አለዎት? ይተዉልኝ! አይንኩብኝ!"

"አንች ከዐረብ ያመጣሽው ጩኸት ብቻ ነው፣" አለና ካቻቢቴውን ጭቃው ላይ ጥሎት ተነሣ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ይህ ሰው በሬ ያርሳል፣ ጥማድ ይገራል፤ ትንሽ ነገር መያዝ ግን አልተፈጠረበትም። የተላጨውን ብሎን በሴጌቶ መጋዝ ስለት ጭንቅላቱ ላይ ቀጭን ቦይ ቀደድኩለት። ከዚያ የሬዲዮ ሠራተኞች የሚበይዱበትን ካውያ አግዬ ብሎኑ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ሞቆ ሲበርድ ይላላል። ካቻቢቴውን ቦዩ ውስጥ አስገብቼ፣ ከላይ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ እየመታሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠመዘዝኩ። ጢቅ አለና ዞረ። ብቻዬን ጮህኩ። እናቴ ከውስጥ ሰው የሞተ መስሏት እያነከሰች ወጣች፤ ብሎኑን በመዳፌ አሳየኋት፤ "ይችን ነው?" ብላ ተመለሰች።

የፕላስቲክ ማርሾቹን አውጥቼ የብረቶቹን ገጠምኩ። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ ግራሶ ቀባሁ። ያን ሁሉ ስሠራ እየዘፈንኩ ነበር፤ ጥጋብ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የመጨረሻዋን ሳጥን ከፈትኩ።

የሪሞቱን ትእዛዝ ከአየር የምትቀበል ዕቃ አለች፤ ውሃ እንዳይገባት የታሸገች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ክዳኑ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዙሪያውን በምላጭ እየፈለቀቅኩ ነው ያነሣሁት። ውስጡ አረንጓዴ ነበር። ፍል ውሃው ገብቶ፣ ተኝቶበት፣ የሻገተ ዳቦ አስመስሏታል። ከባትሪው ጋር አገናኘኋት፤ አልበራችም። ደግሜ አገናኘኋት። ሞታለች።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማርሽ ቢሰበር ማርሽ ይመጣል፤ ይህች ከሞተች ግን መኪናዋ ደንቆሮ ናት፣ ማንም ቢነዳት አትሰማም። የዚያች ክፍል በር ከውጭ ሲቆለፍ የሚሰማው ድምፅ ታወሰኝ። ወንድሜን ረገምኩት፤ አንቱ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ በረንዳ ላይ።

መርካቶ ያለችው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ጠይቃ መልሳ ደወለችልኝ። "አለ፣ ግን ለብቻው አይሸጥም አሉኝ፤" አለች። "ከራሱ ሪሞት ጋር ነው የሚሸጠው። አሮጌው ሪሞትሽ ከአዲሱ ዕቃ ጋር አይግባባም።"

"እንዴት አይግባባም?"

"አይሠራማ። ዝም ብሎ ይበራል እንጂ አይሠራም።"

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ወንድሜ በማተቡ ቁልፍ አስሮ የሚጠብቀው መያዣ ከዛሬ ጀምሮ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። "ላኪልኝ፣" አልኳት። "ለማንም እንዳትነግሪ።" ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ።

እሽጉ በአውቶቡስ መጣ፤ አዲሷን ዕቃ በሞተችው ፈንታ ገጠምኩ። አዲሱ ሪሞት እንደ ሽጉጥ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ በሌባ ጣት ሲስቡት መኪናዋ ትሄዳለች፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መሪ ሲያዞሩ ትታጠፋለች። አሮጌው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሁለት ዘንግ አለው፣ በሁለት አውራ ጣት ነው የሚነዳው። አዲሱን ከኩዌት ባመጣሁት ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ሥር ደበቅሁት። እናቴ ሳደርግ አየችኝ። ምንድን ነው አላለችም።

አንድ የተጣበቀ ነገር ቀርቶ ነበር። አዲሱ ሞተር ያለ ጥርስ ነው የመጣው፤ አሮጌው ሞተር ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሿን፣ ከመጀመሪያውም ብረት የነበረችውን ማርሽ ነቅዬ ወደ አዲሱ ማዛወር አለብኝ። እሷ ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ በማጣበቂያ የተጣበቀች ናት፤ በላይዋ ላይ ወንዛዬ ተጨመረባት። አንድ ሰው ሞተሩን ጨምድዶ ይያዝ፣ ሌላው በካውያ እያጋለ ዘንጉን በምስማር ጫፍ ይምታ፤ ብቻዬን ሞከርኩ፣ ከእጄ እያፈተለከ አስቸገረኝ። ፍልሰታ ገብቷል፤ ቡሄ ደርሷል። እናቴ ሳልጠይቃት ወንድሜን ጠራችው።

መጣና ተቀመጠ። ፒንሳውን ሰጠሁት። "ይኸን ይያዙ። አይምቱ፣ አይጠምዝዙ። ይያዙ ብቻ።"

"እኔ በሬ እይዛለሁ፣" አለ።

"በሬ አይደለም።"

ያዘ። ካውያውን አሳረፍኩ። ማጣበቂያው መጨስ ጀመረ፤ የሚከረፋ ጭስ በመካከላችን ወጣ። መታሁ፣ አልወጣም። እንደገና አጋልኩ፣ መታሁ፣ አልወጣም። በሦስተኛው ካውያው አዳለጠኝና የወንድሜን አውራ ጣት ነካው። ሥጋው ሲቆስል አየሁት። አልለቀቀም። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

"ምን ታይኛለሽ?" አለ በጥርሱ መካከል። "ምችው!"

መታሁ። ማርሿ ዘልላ ጆንያው ላይ ወደቀች።

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሐሰተኛ እባላለሁ፤ ስለዚህ ጽፌዋለሁ። እያቃጠለው አልለቀቀም። ይቅር ያሰኘኝ ግን እንዳይመስላችሁ። ምክንያቱም በማግስቱ አጥር ላይ ተደግፎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውራ ጣቱን እያሳየ "መኪናዋን እኮ እኔ ነኝ የሠራኋት፤ እሷማ ክረምቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የከረመችው" ሲል ሰማሁት።

የቡሄ ዕለት ጠዋት ዘንቦ አባርቷል። በየሰፈሩ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆች እየጨፈሩ በየደጁ ሙልሙል ይሰበስባሉ። እናቴ ድፎውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አወጣችው። ዳቦው ከወትሮው ያነሰ ነው። "ዱቄት አጠረኝ" አለች። የዱቄቱ ጆንያ በር ሥር ሞልቶ ቆሟል፤ ወንድሜም አላየውም፣ እኔም አላየሁም አልኩ።

ሐሳቤ የነበረው ሰው ሁሉ ፊት አዲሱን ሪሞት መዥረጥ አድርጌ ማውጣት ነበር። ወንድሜን ማዋረድ ነበር፤ አልዋሽም። ለዚህ ስል ሌሊቱን ስለማመድ አድሬያለሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በሐሳብ። ታች መንገዱ ላይ ስንደርስ ግን ወንድሜ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አሮጌውን ሪሞት በሁለት እጁ እንደ ታቦት ይዞ መጣ። ከጎኑ ደላላው አለ፤ ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ።

"እኔ ነኝ የምነዳት፣" አለ።

"ጋሼ፣ ይህ በውላችን አልነበረም። እኔ ልንዳት።"

"ዝም በይ። በዓመት በዓል ሰው ፊት ሴት ልጅ መኪና ስታጫውት ሊያዩሽ ነው? በይ ወደዚያ።" ሪሞቱን ከፈተው፤ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። "አየሽ? ይሠራል።"

ፊቱን አየሁት። አንድ ነገር ገባኝ፤ ወንድሜን ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ካዋረድኩት ቃሉን ይበላል። መኪናዋ ብትበር እንኳ በእልህ ይልከኛል፤ ፓስፖርቴን በጥርሱ ይዞ ይልከኛል። አሸንፎ ሲሄድ ብቻ ነው የሚተወኝ። ንዴቴን ዋጥኩት።

ወደ ኋላ ሄድኩ። ከመብራት ምሰሶው ጎን ቆሜ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ከሥሩ አዲሱን ሪሞት በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ መሪውን በግራዬ። ዓይኔን የወንድሜ አውራ ጣቶች ላይ ተከልኩ፤ አንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

አውራ ጣቱ ወደ ፊት ሄደ። ሌባ ጣቴን ሳብኩ። መኪናዋ ዳቦውን ተሸክማ ተነሣች።

ሰው ጮኸ። ወንድሜ በድንጋጤ ጣቱን አነሣ፤ አቆምኳት። ገፋ፤ አስነሣኋት። ወደ ግራ ሲያጋድል ወደ ግራ አዞርኩ። አዲሱ ሞተር ድምፁ ወፍራም ነው፤ የብረት ማርሾቹ እየተናከሱ ኮብልስቶኑን ወጡት። መካከል ላይ አንዱ ጎማ በሁለት ድንጋይ መካከል ገባና ተቀረቀረ። ወንድሜ ሁለቱንም ዘንግ እንደ እብድ ወደዚህም ወደዚያም ይገፋል፤ ያን ብከተለው ዳቦው ጭቃ ላይ ይዘረገፋል። አልተከተልኩትም። ትንሽ ወደ ኋላ አልኳት፣ ጎማዋን አጠፍኩ፣ ሳብኩ። ወጣች።

"አያችሁ!" አለ ወንድሜ፣ ላብ እያጠመቀው። "ብልሃት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም!"

ጥርሴን ነከስኩ። በራችን ድረስ ወሰድኳት። እናቴ ዳቦውን አንሥታ እልል አለች። ሰው ሁሉ ወንድሜን ከበበው፤ ትከሻውን መታው። ደላላው አንድ ነገር በጆሮው ሊለው ጠጋ ሲል ወንድሜ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ መለሰለት።

"አትሄድም! እህቴ የትም አትሄድም። ለዚች መኪና ጠጋኝ ያስፈልገኛል።"

ያስፈልገኛል አለ። የዳንኩባት ቃል እሷ ናት፤ ስሰማት ግን ምሰሶውን በቡጢ መታሁት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቆሟል አልልም፤ ሠርግ አለ፣ ምረቃ አለ፣ የቪዲዮው ሰው ይጠራናል። ኬክ ትሸከማለች። ቀለበት ትሸከማለች። ወንድሜ በሬ መሸጡን ቀነስ አድርጎ ኮት ገዝቷል፤ በየሠርጉ ከፊት ቆሞ አሮጌውን ሪሞት በሁለት አውራ ጣቱ ይነዳል። የአንዱ ጥፍር ከዚያ ወዲህ ጠማማ ሆኖ ነው የበቀለው። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ በሙቀትም ቢሆን ጋቢ ለብሼ እቆማለሁ። ሰዎች ያች እህቱ ብርድ ትፈራለች ይላሉ።

እስከ ዛሬ አያውቅም። ይህንንም አያነበውም፤ ወረቀት ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል። እናቴ ግን የምታውቅ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን ጋቢዬን ስታስተካክልልኝ እጇ ሪሞቱ ላይ አረፈና ሳትናገር መልሳ ሸፈነችው። ዝም አይነቅዝም።

ዛሬ የምተኛበት ክፍል የሚቆለፈው ከውስጥ ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ለዚያ ስል ጋቢውን እችለዋለሁ። ብቻ አንድ ቀን፣ የታላቅ ሰው ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹም ሰዉም እያዩት፣ እሱ ሁለቱን ዘንግ ሲገፋ ሌባ ጣቴን አነሣለሁ። ጋቢዬንም አወልቃለሁ። ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ።

እስከዚያው ግን የአሮጌው ሪሞት ባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅበት እጠነቀቃለሁ። በየሠርጉ ዋዜማ ያለቀውን አውጥቼ አዲስ ድንጋይ እከትለታለሁ። ቀይዋ መብራት ከጠፋች ይጠረጥራል።